የጠገበች እናት፣ ያልተፈለፈለ እንቁላል



እኛ የባዮሎጂ ዲፓርትመንት የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ነን፤ ሁለት እህቶችና ሁለት ወንድሞች። በዚህ ሴሚስተር ለሴሚናር የደረሰን ርዕስ በባሕር ጠረፍ ውሃ ውስጥ የሚኖሩ ዙፕላንክተኖች የሚበሉት ምግብ ቁጥራቸው እንዲጨምር ወይም እንዲቀንስ እንዴት እንደሚያደርግ የሚመለከት ነበር። ርዕሱን የሰሙ ጓደኞቻችን መጀመሪያ ሳቁ። አንዱ እንዲያውም ባሕር ዳር ለጉብኝት የምንሄድ መስሎት «እኔንም ጨምሩኝ» ብሎን ነበር። ሳቁ ሲያልቅ ግን ጥያቄው አንድ ነው፤ «ባሕር በሌለው አገር ሆናችሁ የባሕር ነፍሳት ምን በሉ ምን ጠጡ እናንተን ምን አገባችሁ?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛም ለራሳችን መመለስ ነበረብን። ሁለት ወር ያህል ስናነብ፣ ስንከራከርና ማታ ማታ ላይብረሪ ስናመሽ ያገኘነው ነገር ከጠበቅነው በላይ ስለያዘን ለእናንተም ልናካፍላችሁ ወደድን።

ከመነሻው እንጀምር። ፕላንክተን የሚለው ቃል የመጣው ከግሪክ ሲሆን ውሃው ወደ ወሰደው የሚንከራተት ማለት ነው። እንደ ተክል ከፀሐይ ብርሃን ምግቡን የሚሠራው ፋይቶፕላንክተን፣ ያንን የሚበላው እንስሳ ደግሞ ዙፕላንክተን ይባላል። ከዙፕላንክተን መካከል በባሕር ውስጥ በብዛት የሚገኙት ኮፔፖድ የሚባሉት ናቸው። አብዛኞቹ ርዝመታቸው አንድ ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ በማስታወሻ ደብተር ላይ በሹል እርሳስ የተደረገች ነጥብ ታክላለች አንዷ። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ግን ረጃጅም አንቴና፣ እንደ መቅዘፊያ የሚንቀሳቀሱ እግሮችና ብርሃን የሚያሳልፍ ገላ አላቸው። በገላቸው በኩል የበሉት ምግብ ሳይቀር ይታያል።

ከእንቁላል የሚወጣው ጫጩት ናውፕሊየስ ይባላል። ስድስት የናውፕሊየስ ደረጃ፣ ከዚያም ስድስት ሌላ ደረጃ አለው፤ የመጨረሻው ሙሉ አካል ያለው ወንድ ወይም ሴት ነው። በየደረጃው ቆዳውን እየጣለ ያድጋል። በሞቃት የጠረፍ ውሃ ውስጥ አንዳንዶቹ ይህን ሁሉ በሁለት ሳምንት ገደማ ይጨርሳሉ።

እነዚህ ጥቃቅን ፍጥረታት ለምን ያስጨንቁናል? መልሱ ዓሣ ነው። አብዛኛው የባሕር ዓሣ ከእንቁላል ሲወጣ የሚያክለው ቅንድብ ነው፤ አፉ የሚችለውም እንደ ናውፕሊየስ ያለ ጥቃቅን ነገር ብቻ ነው። ኖርዌያዊው ዮሐን ዮርት እ.ኤ.አ. በ1914 ባሳተመው ጥናት የአንድ ዓመት የዓሣ ትውልድ መብዛቱም ማነሱም የሚወሰነው ገና ጫጩቱ መብላት በሚጀምርባቸው የመጀመሪያ ቀናት ሊሆን እንደሚችል ጠቁሞ ነበር። በእነዚያ ቀናት ውሃው ውስጥ ናውፕሊየስ ካለ ዓሣው ያድጋል፤ ከሌለ ከዓመታት በኋላ መረቡ ባዶ ይወጣል። ስለዚህ የኮፔፖድ እናት ምን በላች የሚለው ጥያቄ የሚያልቀው በሰው ገበታ ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንግባ። ለብዙ ዘመን በመማሪያ መጻሕፍት የምናገኘው ታሪክ ቀላል ነበር። ቀዝቃዛው ወቅት ያልፋል፤ ብርሃን ይጨምራል፤ ዳያተም የሚባሉት፣ ከሲሊካ የተሠራ እንደ መስታወት ያለ ሽፋን ያላቸው ባለ አንድ ሕዋስ አልጌዎች በአንዴ ይፈላሉ፤ ኮፔፖዶች ይበሏቸዋል፤ ዓሣ ኮፔፖዶችን ይበላል። ዳያተም በዛ ማለት ኮፔፖድ በዛ፣ ዓሣም በዛ ማለት ነው። ዳያተሞች በምድር ላይ ከሚካሄደው ፎቶሲንተሲስ አንድ አምስተኛ ያህሉን እንደሚሸፍኑ ስለሚገመት ታሪኩ ለማመን የሚከብድ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ግን በፈረንሳይና በጣሊያን የባሕር ጥናት ጣቢያዎች የሚሠሩ ሰዎች አንድ የሚረብሽ ነገር አዩ። ኮፔፖዶችን ዳያተም ብቻ ሲያበሏቸው እናቶቹ ይበላሉ፣ ይጠግባሉ፣ እንቁላልም ይጥላሉ፤ እንቁላሉ ግን አይፈለፈልም። ሚራልቶ፣ ያኖራ፣ ፑሌና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1999 ኔቸር በተባለው መጽሔት ያወጡት ጽሑፍ ይህ በላቦራቶሪ ብቻ የሚታይ ነገር እንዳልሆነ አሳየ። በአድሪያቲክ ባሕር ዳያተም በፈላበት ጊዜ ከተያዙት ኮፔፖዶች እንቁላል የተፈለፈለው 12 በመቶ ብቻ ነበር። ፍላቱ ካለፈ በኋላ ግን 90 በመቶው ተፈለፈለ።

ምክንያቱን ሲፈልጉ አልዲሃይድ የሚባሉ ኬሚካሎችን አገኙ። ኬሚካሉ ሕዋሱ ደኅና ሳለ የለም፤ የሚፈጠረው ሕዋሱ ሲጎዳ ነው። ሽንኩርት ሳይከተፍ ዓይን አያቃጥልም፤ ቢላ ሲያርፍበት ግን ተለያይተው የነበሩት ነገሮች ይገናኙና የሚያስለቅሰው ጋዝ ይፈጠራል። ዳያተሙም እንዲሁ ነው። በኮፔፖዷ አፍ ሲደቅ በውስጡ ያሉ ኢንዛይሞች የራሱን ፋቲ አሲድ ወደ አልዲሃይድ ይለውጡታል። እናቲቱን ወዲያው አይገድላትም። የሚያቆመው በእንቁላሉ ውስጥ ያለውን የሕዋስ መከፋፈል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 ያኖራና ባልደረቦቻቸው ያወጡት ተከታይ ጥናት ደግሞ ጉዳዩን አንድ እርምጃ አራቀው። እንቁላሉ ተፈልፍሎ እንኳ ጫጩቶቹ አካላቸው ተጣሞ ወጥቶ ይሞቱ ነበር። እናት የበላችውን የሚከፍለው ልጅ ሆነ ማለት ነው።

ይህ ለቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት አንድ ማታ ወረቀት ላይ ሒሳብ ሠራን። አንዲት ኮፔፖድ በቀን 30 እንቁላል ለ10 ቀን ትጥላለች እንበል፤ 300 ይሆናል። ከተፈለፈሉት 30 ጫጩቶች አንዱ ብቻ ከጠላት ተርፎ ለወግ ይበቃል ብለን እናስብ። 90 በመቶው ከተፈለፈለ 270 ጫጩት፣ ከዚያም 9 ጎልማሳ ይገኛል። አባትና እናት ሁለት ነበሩ፤ ዘጠኝ ተተኩ። 12 በመቶው ብቻ ከተፈለፈለ ግን 36 ጫጩት፣ ከዚያም አንድ ጎልማሳና የሌላው ሽራፊ ይቀራል። ሁለት የነበሩት ራሳቸውን እንኳ መተካት አልቻሉም። በሁለቱም ሒሳብ እናቲቱ የጣለችው እንቁላል እኩል ነው። ወደ ውሃው ገብቶ የእንቁላሉን ብዛት ብቻ የቆጠረ ሰው ሁለቱ ውሃዎች አንድ ናቸው ብሎ ይመለሳል።

የእኛ ክርክር የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ከመካከላችን አንዷ ይህን እንዳነበበች «እንግዲህ ዳያተም መርዝ ነው፤ ሴሚናሩንም በዚህ እንዝጋ» አለች። ሌላኛው ደግሞ «ታዲያ በዓለም ላይ ዓሣ የሚበዛባቸው ጠረፎች ዳያተም የሚበዛባቸው ሆነው የተገኙት እንዴት ነው?» ብሎ ያዘ። የፔሩን ጠረፍ ተመልከቱ አለን፤ ከጥልቁ የሚወጣው ቀዝቃዛና ለም ውሃ ዳያተም ያበቅላል፤ በዓለም ትልቅ ከሚባሉት የዓሣ ማስገሪያዎች አንዱም እዚያው ነው። ሁለቱም እውነት ይዘዋል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከዙሁር ሰላት በኋላ በተገናኘን ቁጥር ይህንኑ እናነሳ ነበር።

ክርክሩ በእኛ የተጀመረ እንዳልሆነ ያወቅነው ቆይተን ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ኢሪጎየንና ባልደረቦቻቸው በዚያው በኔቸር መጽሔት ላይ፣ ዳያተም በብዛት ከሚገኝባቸው 12 የዓለም አካባቢዎች የተሰበሰበ መረጃ አቀረቡ። በአንዱም ቦታ ዳያተም በበዛ ቁጥር የሚፈለፈለው እንቁላል ያነሰበት ሁኔታ አላገኙም። አድሪያቲክ ላይ የታየው አልተካደም፤ ግን በየቦታው የሚሠራ ሕግ አልሆነም።

ሁለቱን ለማስታረቅ የረዱን ሦስት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ዳያተም የብዙ ሺህ ዝርያዎች የጋራ ስም መሆኑ ነው። አልዲሃይዱን የሚሠሩት አንዳንዶቹ ናቸው፤ የሚሠሩትም በእኩል መጠን አይሠሩም።

ሁለተኛው ኮፔፖድ በተፈጥሮዋ አንድ ምግብ ብቻ የምትበላ አለመሆኗ ነው። ክሌፔል እ.ኤ.አ. በ1993 ያሳተመው ጽሑፍ ኮፔፖዶች ከዳያተም በተጨማሪ ዳይኖፍላጀሌት የሚባሉትን ባለ ጅራፍ ሕዋሶችና ሌሎች ባለ አንድ ሕዋስ እንስሳትንም ቀላቅለው እንደሚበሉ በስፋት ያሳያል። ይህ ቅልቅል ሥራ አለው። እንቁላል በደንብ እንዲፈጠርና ጫጩት እንዲያድግ የሚያስፈልጉ፣ ኮፔፖዷ ግን በራሷ በበቂ መጠን መሥራት የማትችላቸው ረጃጅም ፋቲ አሲዶች አሉ፤ በዓሣ ዘይት ጠርሙስ ላይ ኢፒኤና ዲኤችኤ ተብለው የምናያቸው ናቸው። ዳያተም በኢፒኤ ሀብታም ነው፤ ዳይኖፍላጀሌት ደግሞ በዲኤችኤ። አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል።

ይህን ስናነብ የግቢያችን ካፌ ትዝ አለን። በሽሮና በምስር ወጥ መመላለሱን ሁላችንም እናማርራለን። ነገር ግን እህል የሚያንሰው ላይሲን የተባለ አሚኖ አሲድ ጥራጥሬ ውስጥ በብዛት ይገኛል፤ ጥራጥሬ የሚያንሰውን ደግሞ እህል ይሞላል። እንጀራ በሽሮ አንድ ላይ ሲበሉ ለየብቻቸው ከሚሰጡት የተሻለ ፕሮቲን ይሰጣሉ። እናቶቻችን ይህን ያወቁት በላቦራቶሪ አይደለም። በላቦራቶሪ አንድ ዓይነት አልጌ ብቻ የምትመገብ ኮፔፖድ ለሳምንታት እንጀራ ያለ ወጥ እንደ ተሰጠው ሰው ናት፤ በባሕር ያለችው ግን ገበታዋን መምረጥ ትችላለች። ችግር የሚመጣው ገበታው ራሱ አንድ ዓይነት ሲሆን ነው። አድሪያቲክ ላይ በፍላቱ ወቅት የሆነው ይህን ይመስላል።

ሦስተኛው የአልጌው የራሱ ጤና ነው። ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ያጣ አልጌ ካርቦን ያከማቻል እንጂ ፕሮቲን አይሠራም። መልኩ ያው አረንጓዴ ነው፤ ሲበሉት ግን ሆድ ይሞላል እንጂ አይገነባም። ስለዚህ የባሕር ተመራማሪ ምን ያህል አልጌ አለ ብሎ ብቻ ሳይሆን ምን ዓይነት አልጌ፣ በምን ሁኔታ ላይ ያለ ብሎ ይጠይቃል።

ሁሉም ኮፔፖድ በምግብ ለውጥ እኩል አይጎዳም። በወንዝ አፍና በጠረፍ የምትኖረው አካርሺያ ስብ የማከማቸት አቅሟ እጅግ ትንሽ ነው። ዛሬ የምትጥለው እንቁላል ትናንትና ዛሬ የበላችውን ነው የሚያሳየው፤ የቀን ሠራተኛ በሉት፣ ሥራ ያጣ ዕለት ቤቱ ጾሙን ያድራል። በሰሜን አትላንቲክ የምትኖረው ካላነስ ግን ጎተራ እንዳለው ገበሬ ናት። በደጉ ወቅት ገላዋን በስብ ሞልታ ክረምቱን ወደ ጥልቁ ወርዳ ታሳልፋለች። የጠረፍ ውሃ ባሕርይው በየሳምንቱ የሚለዋወጥ ስለሆነ የምግብ መበላሸት ፈጥኖ በቁጥር ላይ የሚታየው በአካርሺያና በመሰሎቿ ላይ ነው።

ታዲያ ገበታውን የሚለውጠው ማን ነው? ወቅት ይለውጠዋል፣ የውሃው ሙቀት ይለውጠዋል፣ ሰውም ይለውጠዋል። ከእርሻ ታጥቦ በወንዝ የሚወርደው ማዳበሪያ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይዞ ባሕር ይገባል። ሲሊካ ግን ከማዳበሪያ አይመጣም፤ የሚመጣው ከድንጋይና ከአፈር ነው። ናይትሮጅኑ በዝቶ ሲሊካው ካነሰ መስታወት ለባሾቹ ዳያተሞች ወደ ኋላ ይቀራሉ፤ ሲሊካ የማያስፈልጋቸው ሌሎች አልጌዎች ቦታውን ይወስዳሉ። ሃምቦርግና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጥናት በዳኑብ ወንዝ ላይ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተጠናቀቀው አይረን ጌትስ የተባለው ግድብ ሲሊካውን ከኋላው ስላስቀረ ከእሱ በታች ባለው የጥቁር ባሕር ጠረፍ የአልጌው ዓይነት እንደ ተለወጠ አስረድተዋል። ጥቁር ባሕርን የጎዳው ይህ ብቻ አልነበረም። በ1980ዎቹ ከአሜሪካ ጠረፍ በመርከብ ውሃ ተጭኖ የመጣ ጄሊ መሰል እንስሳ ዙፕላንክተኑን በቀጥታ ይበላው ነበር። የቁጥር ሒሳብ ሁልጊዜ የተወለደውንም የሞተውንም ይጠይቃል፤ ምግብ የሚናገረው በአመዛኙ ስለ መጀመሪያው ነው።

እዚህ ላይ ነው የጓደኞቻችን ጥያቄ መልስ ያገኘው። ከአራታችን አንዱ ያደገው ባቱ ነው፤ ዝዋይ ሐይቅ ዳር። አባቱ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። ለዒድ ቤቱ ሲሄድ ስለዚህ ሴሚናር ሲያጫውታቸው አባቱ የሰሙት በትዕግሥት ነበር። እሳቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚሉት አንድ አባባል አላቸው፤ ውሃው አረንጓዴ ሲሆን ዓሣው ይጠግባል። ልጁ አረንጓዴው ሁሉ አንድ እንዳልሆነ፣ አንዳንዱ አረንጓዴ እናቲቱን አጥግቦ ልጇን እንደሚያስቀር ነገራቸው። አባትየው ትንሽ ዝም ብለው «ታዲያ የእኛ ሐይቅ አረንጓዴ የትኛው ነው?» ብለው ጠየቁት።

ልጁ መልስ አልነበረውም። እኛም የለንም። ግን ጥያቄው ከአድሪያቲክ ወደ አገራችን የመጣው በዚያ ዓረፍተ ነገር ነው። ሐይቆቻችን የራሳቸው ዙፕላንክተን አላቸው፤ የቆሮሶ ጫጩትም ሲያድግ አልጌ ወደ መብላት ቢያዘነብልም በልጅነቱ ዙፕላንክተን ይበላል። በጨው ባሕር የተማርነው በእነርሱ ላይ እንዳለ አይገለበጥም። ዝርያው ይለያል፤ አልጌውም ይለያል። በሐይቆቻችን ትልቁ ጥያቄ ዳያተም ሳይሆን ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ የሚባለው ነው። በቆቃ ለምሳሌ ማይክሮሲስቲስ የተባለው ዓይነት በብዛት እንደሚያብብ በጥናት ተመዝግቧል። ይህ አልጌ መርዝ ሊሠራ ይችላል፤ ዙፕላንክተን የሚፈልጋቸው ረጃጅም ፋቲ አሲዶችም ይጎድሉታል፤ ተያይዞ የሚሠራው ጓልም ለትንሽ አፍ አይመችም። ውሃው እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆኖ በውስጡ ያለው ሊራብ ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ የሚቀጥለውን ዓመት የመመረቂያ ጥናታችንን በዚሁ ላይ ለማድረግ ወስነናል። ገንዘብ የለንም፤ በላቦራቶሪያችን የሚሠሩት ማይክሮስኮፖች ጥቂት ናቸው፤ ፋቲ አሲድ የሚለካ መሣሪያማ በሕልማችንም የለ። ነገር ግን አንድ የሚመች ነገር አገኘን። በሐይቆቻችን የሚበዙት ኮፔፖዶች እንቁላላቸውን ውሃ ውስጥ አይበትኑም፤ በጅራታቸው ግራና ቀኝ በሁለት ከረጢት ተሸክመው ይዞራሉ። በአንድ ቀላል ማይክሮስኮፕ እናቲቱ ስንት እንቁላል እንደ ተሸከመች መቁጠር ይቻላል። ከዚያው ውሃ ላይ አልጌውን በዓይነት እንቆጥራለን። እናቶቹን በትንንሽ ብርጭቆ ለየብቻ አስቀምጠን ስንቱ እንደሚፈለፈል ቀን በቀን እናያለን። የእንቁላሉን ብዛት ብቻ ቆጥረን አንመለስም፤ ከአድሪያቲኩ ጥናት የወሰድነው ትልቁ ነገር ይህ ነው። አንድ ሐይቅ፣ ጥቂት ወራት፣ አንድ የፕላንክተን መረብ። መምህራችን ሐሳቡን ተቀብለውታል፤ መረቡን ራሳችን ከጥሩ ጨርቅ እንድንሰፋው ነው የነገሩን።

ከእናንተ የምንጠይቀው ሁለት ነገር አለ። ከባቱ፣ ከሐዋሳ፣ ከአርባ ምንጭ፣ ከባሕር ዳር ወይም ከሌላ ሐይቅ ዳር የመጣችሁ እህቶችና ወንድሞች ለዕረፍት ቤት ስትሄዱ ዓሣ አጥማጆችን አነጋግሩልን። የውሃው ቀለም በየትኛው ወር ይለወጣል? ቀለሙ ምን ዓይነት አረንጓዴ ነው፣ ላዩ ላይ እንደ ቀለም ይሰፋል ወይስ ተበትኖ ይንሳፈፋል? ከዚያ በኋላ ጥቃቅን ዓሣ በዳሩ መታየቱ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? በመጽሐፍ ያላገኘነውን እነሱ ሊያውቁት ይችላሉ። የሰማችሁትን የተናገረውን ሰው ዕድሜና ወሩን ጨምራችሁ በወረቀት ጽፋችሁ ለጀመዓው የትምህርት ዘርፍ ስጡልን።

ሁለተኛው፣ የፊታችን ቅዳሜ ከዓስር ሰላት በኋላ ከሐይቅ ያስመጣነውን የውሃ ናሙና በላቦራቶሪ እናያለን። የሌላ ዲፓርትመንት ተማሪም ቢሆን መጥቶ ማየት ይችላል። እንቁላሏን በሁለት ከረጢት የተሸከመች እናት አንድ ጊዜ በዓይናችሁ ካያችሁ ይህን ያህል የጻፍንበት ምክንያት ይገባችኋል፣ ኢንሻአላህ።